እመት ዘሀራና የመንጃ ፈቃድ ፈተናዬ

በደርግ ጊዜ ውጫሌ ተመድቤ ስሠራ መንጃ ፈቃድ ካላወጣሽ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን ተባልኩ። ፈታኙ ሐይቅ ከተማ በመጣ ቀን አብሮኝ ሊሄድ የነበረው የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ታመመ። አከራዬ እመት ዘሀራ «እኔ አለሁ አይደል?» ብለው የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ውስጥ ገቡ። ዓይን አፋር ነኝና ይውረዱ ማለት አልቻልኩም። መንገዱን ሙሉ «ኩርባው ሳይደርስ ማርሽ ቀንሺ!» ሲሉኝ፣ እሺ እያልኩ ደረስን።

ፈታኙ «ለማጅ ብቻዋን አትመጣም፤ ተመለሺ» አለኝ። እንባዬ መጣ።

«አብሬያት መጥቼ የለም እንዴ ልጄ?» አሉ እመት ዘሀራ።

ፈታኙ ሳቀ። «እናቴ፣ የምንፈልገው መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እንጂ ዱዓ የሚያደርግላት አይደለም።»

«ዱዓውንማ ጧት አድርሻለሁ» ብለው ከመቀነታቸው ጫፍ አንዲት ያረጀች ደብተር ፈትተው ሰጡት።

ፈታኙ ገልጦ አየና ከወንበሩ ብድግ አለ። በራሳቸው በእመት ዘሀራ ስም የወጣ የባለ ተሳቢ መኪና መንጃ ፈቃድ ነበር።