የጠርሙሱ ጽሕፈት

የዓለም ፊደል ሁሉ በእጄ ነው፤ የዓረቡ፣ የአርመኑ፣ የፈረንጁ፣ ገና ያልተፈጠረውም ጭምር። አንኮበር ይህን ያምን ነበር፤ ወሬውን ያስወራሁት እኔው ነኝና።

ሥራ የገባሁ ቀን ግን ብዕር አልጨበጥኩም። ቁም ጸሐፊው የኔታ የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ «ፋቅ» አሉኝ። ሦስት ዓመት ፋቅሁ። ሽታዬን የሸሸ ፍየል አዳል በረሃ ድረስ ወርዷል።

መቃ ብዕር ከተሰጠኝ በኋላ በገበያ ቀን አሊዩ አምባ እየወረድኩ፣ በነጋዴ ጭነት ላይ የተጻፈውን ሁሉ በቁራጭ ብራና እቀዳ ጀመር። አንድ ዓረብ ነጋዴ አይቶ፣ «ወላሂ፣ እጅህ የኛ ነው! በል አንብበው» አለኝ።

«ዓይኔን ነፋስ መታኝ» ብዬ ሾለክሁ። ለአንኮበር ጸሐፊዎች ግን፣ «ይህ የዓረብ ንጉሥ ሰላምታ ነው» እያልኩ አነበብኩላቸው።

ከዚያ የኔታን ዓይናቸውን ያማቸው ጀመር። ለአንድ ደብር አራቱን ወንጌል እየጻፉ ማርቆስ ላይ ደርሰዋል። «ሳልጨርስ እንዳልታወር» ይላሉ፣ በየገጹ። አንዲት የግቢ እመቤት መድኃኒት መስሏቸው ፈረንጅ ትቶት የሄደውን ጠርሙስ ላኩላቸው። ላዩ ላይ ጽሕፈት ተለጥፏል።

«አንተ ቀጣፊ፣ ዛሬ ቀልድ የለም» አሉኝ የኔታ። «ምን ይላል?»

ጸሐፊዎቹ ሁሉ ብዕራቸውን አስቀምጠው አፍ አፌን ያያሉ። ጠርሙሱን አገላበጥሁት።

«የዓይን መድኃኒት ይላል፣ የኔታ። ጧትና ማታ ጠብታ።»

«ተባረክ፣ ልጄ።»

መደቡ ላይ ተንጋለሉ። ያንጠባጠብኩትም እኔው ነኝ፤ እጄ አይንቀጠቀጥምና። ጩኸታቸው ደጅ ተሰማ። በውኃ አጠብናቸው፣ በወተት አጠብናቸው። በሦስተኛው ቀን ብርሃንና ጨለማ መለየት አቃታቸው።

«የኔ ኃጢአት ነው እንጂ መድኃኒቱስ ደግ ነበር» አሉ።

ባዶውን ጠርሙስ ይዤ አሊዩ አምባ አንድ የፈረንጅ አስተርጓሚ ዘንድ ወረድኩ። እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየነካ አነበበልኝ። «የኮርቻ ቆዳ ማጽጃ ነው። ምን ላይ አደረጋችሁት?»

«ኮርቻ ላይ» አልኩት።

ወንጌሉን የጨረስኩት እኔ ነኝ። የኔታ አጠገቤ ተቀምጠው የብዕሬን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። «የሰውን አገር ፊደል ሁሉ ታውቃለህ፤ የኛን እንዳታበላሽ» ይሉኛል። እስኪሞቱ ድረስ አልነገርኳቸውም።

ወደዚህ ሥራ የምትገቡ፣ መቅዳት ማንበብ አይደለም። ያላወቃችሁትን አላውቅም በሉ።

እኔ ከፈረንጅ ጽሕፈት ማንበብ የምችለው ዛሬም አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ቆዳ» የሚለውን።