ሳልሰማ ይቅር ያልሁት ብረት

እኛ ሠፈር ሽማግሌ የሰው በር ላይ ቆሞ ከታየ ጎረቤቱ በሙሉ አጥር ላይ ይሰቀላል። የኔ በር ላይ የቆሙ ዕለትማ፣ ማጋነን አይሁንብኝና፣ ከመራዊ እስከ አንበሳሜ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የመጡት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የአበልጄ የንስሐ አባት፣ ሁለተኛው ከፋብሪካ ጡረታ ወጥተው ሠፈሩን ሲያስታርቁ የሚውሉ ጋሼ። አበልጄ፣ የሴት ልጄ ክርስትና አባት፣ ራሱ ከአጥሩ ውጭ ከማንጎ ዛፍ ጀርባ ተደብቋል። ዛፉ ቀጭን፣ እሱ ወፍራም ስለሆነ ግራና ቀኙ ይታየኛል።

“ግቡ እንጂ!” አልሁ።

“አንገባም” አሉ ጋሼ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው። “አስቀድመህ እሺ ካላልኸን አንቀመጥም፤ ውኃህንም አንቀምስ።”

“ምኑን ነው እሺ የምለው?”

“አበልጅህ በድሎሃል። ይቅር በለው። ነገሩን ከዚያ በኋላ ትሰማለህ።”

ሳቄ መጣ። በደሉን አውቀዋለሁና። ባለፈው ወር ካፖርቴን ተውሶ በጀልባ ሲሻገር ጣና ውስጥ ጥሎብኝ ነበር። ለአሮጌ ካፖርት ቄስ መላክ! ጎረቤቱም አጥር ላይ ነው፤ ታዳሚ ካገኘሁ ደግሞ አፌ አያርፍም።

“ይቅር ብያለሁ!” አልሁ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ። “ጣናን ጠጥቶ ዓባይን ቢያደርቀው፣ ቤቴን አቃጥሎ በፍሙ በቆሎ ቢጠብስበት፣ ይቅር ብያለሁ!”

አጥሩ ላይ ያሉት ሳቁ። አባ መስቀላቸውን ዘረጉልኝ፤ ተሳለምሁ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡ።

“ካፖርቱስ ደህና ካፖርት ነበር” አልሁ።

“የምን ካፖርት?” አሉ ጋሼ። “ነገሩ የብረት ነው።”

ስለ ብረቱ እዚህ ላይ ልንገራችሁ። እኔና አበልጄ በአንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ አብረን ያረጀን ሰዎች ነን። የምንሠራው ለፊውዥን ሪአክተር የሚሆን ብረት ነው፤ ማለትም ፀሐይ የምትነድበትን እሳት ምድር ላይ አንድደው መብራት ሊያወጡበት ለሚታገሉ ሰዎች። እሳቱን ማንደድ አንድ ነገር ነው፤ እሳቱን ችሎ የሚይዝ ዕቃ ማግኘት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ እሳት ኒውትሮን የሚባል ይወጣል፤ ፍሬን የሌለው ባጃጅ በሉት። ብረቱ ውስጥ ገብቶ አተሞቹን ከየወንበራቸው እየገፈተረ ያስነሳል። ሲውል ሲያድርም በብረቱ ሆድ ሂሊየም የሚባል ጋዝ አረፋ ይጠራቀምና ብረቱ ያብጣል፣ ኋላም ይሰባበራል። እኛ የምናቀልጠው ክሮሚየምና ተንግስተን ያለበት ቅይጥ ነው። ኒኬልና ሞሊብዲነም አናስነካውም፤ እነሱ አንዴ ጨረር ከቀመሱ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጣጣ ይዘው ይቀራሉ።

ይህ ብረት ሁለት ጊዜ እሳት ያያል። መጀመሪያ ብርቱካን እስኪመስል ይግልና ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ግን ቁጡ ነው፣ ሲመቱት ይሰበራል። ስለዚህ ዝቅ ወዳለ ሙቀት ተመልሶ ይገባና ቁጣው ይበርዳል። ይህን ሁለተኛውን ሙቀት እኛ “መግሪያ” እንለዋለን። ማጋል የኔ ሙያ ነው፤ የአበልጄ ሙያ ደግሞ ናሙና በማሽን እየጎተተ መስበር ነው። መስበር ያውቅበታል።

ውጭ አገር ያለ አንድ ትልቅ ቤተ ሙከራ ብረታችንን በጨረር ሊፈትንልን ተስማማ። ከመካከላችን አንድ ሰው ሄዶ ፈተናውን ይከታተላል ተባለ፤ ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት፣ ትንሽ ላጋንንና፣ ከመወለዴ በፊት ነው። ናሙናው በሚላክበት ዋዜማ ግን መራዊ ያለች አክስቴ አረፈች። የመጀመሪያውን ሙቀት ጨርሼ፣ መግሪያውን ለአበልጄ አደራ ሰጥቼ ለቅሶ ሄድሁ። እቶኑን አስተካክዬለት ነበር፤ የሱ ሥራ ቁልፉን ተጭኖ መጠበቅ ብቻ ነው። ማታ ስደውልለት፣ “አለቀ አበልጄ፣ አንተ ተረጋግተህ አልቅስ” አለኝ። ተረጋግቼ አለቀስሁ።

ናሙናዎቹ እዚያ ደርሰው፣ ጨረር ሳያዩ ገና ሲሞከሩ እንደ ብስኩት ተሰበሩ። የክፍላችን ኃላፊ ጠርቶ፣ “የሙቀቱ ሥራ ያንተ ስለሆነ ለጊዜው እረፍ” አለኝና ለጉዞውም በቦታዬ አበልጄን ተካ። እኔም መግሪያው አልቋል ስለተባልሁ ጥፋቱ የመጀመሪያው ሙቀት ነው፣ የኔው እጅ ነው ብዬ አመንሁ። ለወራት የእቶኑን ቴርሞሜትር እየፈታሁ መልሼ ስገጥም ከረምሁ። አበልጄ ሐይቁ ዳር እየወሰደ ዓሣ ያበላኝ ነበር። “አይዞህ፤ ሰው ነህ፤ ዘንድሮ እጅህ ትንሽ ከድቶህ ነው” እያለ እሾሁን ይለቅምልኛል። አዲሱን ናሙና ሲሠራም፣ “አጠገቤ ቁምልኝ” አለኝ። ቆምሁለት። ሁለቱንም ሙቀት የሠራሁት እኔው ነኝ። ናሙናው ሲሞከር አለፈ፤ የተላከው በሱ ስም ነው።

“መብራት ጠፋበት፣ ልጄ” አሉ አባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “አንተ ለቅሶ የሄድህ ዕለት እቶኑ ገና ሳይግል መብራት ጠፋ። እሱም ሠርግ ተጠርቶ ነበርና ነገ አደርሰዋለሁ ብሎ ሄደ። ጠዋት ተመልሶ ሳይጀምረው ዕቃ ወሳጁ መጣበት። እንዲሁ ጭኖ ሰደደው።”

“ኃላፊው ሲጠይቀውም” አሉ ጋሼ፣ “እኔ ያን ቀን አልነበርሁም፣ የሠራው እሱ ነው ብሎ መሰከረብህ።”

ቀልድ ፈለግሁ። አፌ ላይ የመጣው ግን ብረቱ ነው።

“ያልተገራ ብረት እኮ ተመልሶ እሳት ይገባል” አልሁ። “ቢደውልልኝ አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ምንም አይሆንም ነበር።”

“ለመብራት መጥፋት እንግዲህ ይህን ያህል አትቀየም” አሉ ጋሼ።

“ጋሼ፣ መብራቱንስ ይቅር ብዬዋለሁ።”

“እኔ የሚገርመኝ” አሉ አባ፣ “ፀሐይን ምድር ላይ ማንደድ ድፍረት አይሆንም?”

“ይተዉአቸው አባ፣ ያንድዱ!” አሉ ጋሼ። “መብራት ባይጠፋ ኖሮ እኛስ ዛሬ እዚህ ምን እንሠራ ነበር?”

“ቃሌን ልመልስ ብልስ?” አልሁ።

“ወዴት ትመልሰዋለህ? መስቀል ተሳልመህበት? በፍሙ በቆሎ ቢጠብስ እንኳ ብለሃል እኮ!” አሉ ጋሼ።

ከጓዳ ባለቤቴ፣ “አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አፍህን ብትሰበስበው!” ስትል ተሰማ።

አበልጄን ጠሩት። ገብቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ፣ እያለቀሰ ሳመኝ። አነሣሁት፤ ደንቡ ነው።

“ለምን ዛሬ?” አልሁት።

እሱ ወደ አባ አየ። “ሰኞ በአውሮፕላን ይሄዳል” አሉ አባ። “ወንድምህን በድለህ አትሂድ፣ ሳትታረቅም አላቈርብህም አልሁት።”

“ለኃላፊውስ ነግረኸዋል?”

“ከተመለስሁ በኋላ እነግረዋለሁ፣ አበልጄ” አለ ዓይኑን እየጠረገ። “አሁን ብናገር ጉዞው ይሰረዛል። ለሁላችንም ይቀርብናል።”

“ሳትነግረው ነው እንዴ ያመጣኸኝ?” አሉ አባ ደንግጠው።

“እሱ ሌላ ሽምግልና ነው” አሉ ጋሼ፣ ከዘራቸውን እያነሡ። “የዛሬው አልቋል።”

መርቀውን ሄዱ። አበልጄ ግን አልተነሣም። ከኪሱ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ።

“አንድ ነገር ብቻ፣ አበልጄ። ሂሊየሙ ይህን ብረት ለምን ቶሎ አያሳብጠውም ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል? አንተ ስትናገረው ያምራል።”

ሂሊየም ጸበል ሲረጩበት ይሸሻል ብዬ ብነግረው ጽፎት ይሄድ ነበር። አሳቡ አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቅይጡ የኔ ነው፤ በሰው አገር እንዲሳቅበት አልፈለግሁም።

“ብረቱ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ” አልሁት። “ሂሊየሙ እነሱ ላይ ተበታትኖ ይቀመጣል። ነገረኞችን በሠርግ ድንኳን አራርቀህ እንደምታስቀምጣቸው ነው፤ ካልተሰበሰቡ ጠብ አያነሡም።”

“ግሩም!” አለና ጻፈ። “ቅንጣቶቹስ ከየት ይመጣሉ?”

“ከመግሪያው።”

እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ የሚያየኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። አላየኝም።

“በስንት ዲግሪ ነበር?” አለኝ፣ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ።

ትክክለኛውን ነገርሁት። ጻፈው፤ ከሥሩም አሰመረበት።