ሾተላይ የተባለው ደም

የመጀመሪያ ልጄ በሰላም ተወልዶ አደገ። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ቢጫ ሆነው ተወለዱ። ክርስትና ሳይነሱ ስለሞቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀበሩ። በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል፣ ሾተላይ አለባት ተባልሁ። አንዱን ሞት እንዳያገኘው ብለው ለጎረቤት በቁና ጓያ ሸጡት፤ እዚያም ሞተ። ባሌ ሌላ አገባ፤ የእሷ ልጆች ሁሉም አደጉ። ሰው በዚያ ፈረደብኝ። መጨረሻ የወለድኋት ልጄ ተረፈችልኝና እሷን ይዤ ወረታ ገባሁ።

ነገሩ የገባኝ እሷ ስታረግዝ ነው። ደሟ ነጌቲቭ ነው ተባለ፤ የእኔም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። የጤና ጣቢያው ነርስ አስረዳችን። የእናት ገላ ባዕድ ደም ያለውን ልጅ ችሎ ይሸከማል። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ሲገባ ግን ባዕድነቱን ይለያል፤ አንዴ ከለየ አይረሳም፤ ተከታዩን ልጅ ገና በማኅፀን ሳለ ይዋጋዋል። በወለደች በሦስት ቀን ውስጥ መርፌ ከወሰደች ገላዋ መለየቱን ሳይማር ይቀራል። ልጄ የተረፈችው ደሟ የእኔን ስለመሰለ ብቻ ነው። ስለ ደም ዓይነት ትምህርት ቤት ተምሬ ነበር፤ ለፈተና። ልጆቼን ስቀብር ስለ መርፌው የነገረኝ የለም።

ልጄ የወለደችው በባሏ አገር፣ ክረምት ላይ፣ ሜዳው ውኃ በተኛበት ጊዜ ነው። መርፌው ያለው ባሕር ዳር። በማግሥቱ ደርሼ፣ መኪና እስከሚገኝበት ድረስ በቃሬዛ ትሂድ አልሁ። አማቷ ከበሩ አልተነሡም። አራስ እስከ ክርስትና ከቤት አትወጣም አሉ።

«ሾተላይዎን ከልጅዎ ጋር ድረው ሰጡን። አሁን ደግሞ አራሷን እንደ ሬሳ አሸክመው ሊያወጡብን ነው?»

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ መሬት መሬቱን ያያል። የተናገርሁት ለእሱ ነው።

«ዛሬ እሷን ካልተሸከምህ፣ የሚቀጥለውን ልጅህን ወደ መቃብር ትሸከማለህ።»

ወጣ። ጎረምሶች ይዞ ተመለሰና ቃሬዛውን ጉልበት የሚደርስ ውኃ አሻገሩት። ባሕር ዳር ስንደርስ ሦስቱ ቀን አላለፈም ነበር። መርፌው ካፍታ በላይ አልፈጀም። ልጄ አላመመኝም አለች።

ዘንድሮ ሁለተኛውን ወለደች። አማቷ ለጠያቂው ሁሉ የእኛ ዘር ደም አሸነፈ ይላሉ። ሕፃኑን ወደ ብርሃን አዙሬ ዓይኑን አየሁት፤ ቢጫ የለበትም፣ ነጭ ነው።