ባህሩን በጄሪካን ያመጡት ጋሼ ንጋቱ

ጋሼ ንጋቱ ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ ሸዋ ሮቢት በሚገኘው ቤታቸው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ዐረፉ። የተቀመጡት ከዓሣ ገንዳቸው መስታወት ፊት ለፊት ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ቁርስ ይዘው ሲገቡ፣ እንደ ወትሮው ዓሣዎቹን የሚያዩ መስሏቸው ደጋግመው ጠሯቸው። ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ ለሾፌሮቹ፣ ለቀወት ገበሬዎች፣ በገበያ ቀን ከአጣዬና ከማጀቴ መጥተው «ባህሩን አሳዩን» ይሉ ለነበሩት። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ትምህርቴም ጥቂት ነው። በዝግታ ብተርክላችሁ ታገሡኝ።

ጋሼ ንጋቱ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ደርግ ወድቆ መንገዱ ሰላም ሲሆን ይመላለሱ ጀመር። ሲመለሱ በልብስ ሰፊው በጓደኛችን በሰይድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያዩትን ያጫውቱናል። አንድ ቀን ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ወስደዋቸው፣ ፊታቸውን ባህር ውስጥ ነክረው ያዩትን ነገሩን።

«ድንጋይ አየሁ» አሉ። «እንደ አበባ የሚከፈት፣ ሲነኩት የሚሰበሰብ፣ ደግሞ የሚበላ።»

ሰይድ በከንፈሩ የያዘውን መርፌ አወጣና «አንተ ሾፌር፣ ምሳው ሽሮ ነው ወይስ ሥጋ?» አላቸው። በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ሌላው ደግሞ «የአፋር ፀሐይ መታው በሉ!» አለ።

ጋሼ ንጋቱ አልተቆጡም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ባህር ማውራት ተዉ። ሐሰት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበሩና ቃላቸው መቀለጃ መሆኑ ምን ያህል እንደጎዳቸው ዝምታቸው ይናገር ነበር። ጥቂት ቆይተው ቤቴ መጡና «ውሃ የማያሳልፍ ግንብ ትሠራልኛለህ?» አሉኝ።

«ምን ሊጠራቀምበት ነው ጋሼ?»

«ባህር።»

የሳሎናቸውን እኩሌታ የያዘ ገንዳ ሠራን። ሙሉውን በመስታወት ለማድረግ አቅም አልነበረም። ሦስቱን ጎን በብሎኬትና በብረት አቆምሁት፤ ፊቱን ሆቴል ሲታደስ በወለቀ ወፍራም የበር መስታወት ዘጋነው። ውስጡን የውሃ ታንከር በሚቀባበት ቀለም ቀባነው፤ ሲሚንቶው የሚተፋውን ኖራ እስኪጨርስ ውሃ እየሞላን ደፋነው። ከጣሪያው አንዱን ቆርቆሮ አንስተን ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ተካን። ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ከተበላሸ ማቀዝቀዣ የወጣ ትንሽ ሞተር ነበር። የቆላችንን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ለእሱ እርጥብ ጆንያ ዙሪያውን ሰቅለን ማራገቢያ አስነፋንበት። እኔ ስጣደፍ ሲያዩ «ቀስ በል ወንድሜ፤ ባህር በችኮላ አልተሠራም» ይሉኝ ነበር።

ባህሩ በጄሪካን መጣ፤ በየጉዞው ጥቂት ጥቂት። ቀጥሎ አሸዋው፣ ከዚያ የተማሩ ሰዎች ኮራል የሚሏቸው፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለሉት ሕያዋን ድንጋዮች፣ በመጨረሻም ትናንሾቹ ዓሣዎች መጡ። ድንጋዮቹ ተላምደው የተከፈቱ ዕለት ከባልና ሚስቱ ጋር እኔ ብቻ ነበርሁ። ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ሕፃን ጣት ያለ ነገር ከድንጋይ ወጥቶ ነፋስ በሌለበት ሲወዛወዝ አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስጠርብ የኖርሁ ሰው ነኝ። ያን ዕለት እጄን አጣጥፌ ቆምሁ።

ብዙ ሳይቆይ ከኤርትራ ጋር ድንበሩ ተዘጋ፤ የአሰብ መንገድ ቀረ። ለሮቢት የቀራት ባህር ያ ገንዳ ብቻ ሆነ። ሙቀቱም በረታ፤ ውሃው ከቀን ወደ ቀን ጎደለ። እኔና ጋሼ ንጋቱ የጎደለው ባህር ነውና በባህር ይተካ ብለን፣ ተቆጥቦ ከተቀመጠው ጄሪካን እየቀዳን ሞላንበት። ዓሣዎቹ ደከሙ። ድንጋዮቹ ተዘጉ፤ አልከፈትም አሉ። ሰይድ ተጠርቶ የመጣው በዚሁ መካከል ነበር። ጎንበስ ብሎ አየና «እንዲህ ያለውማ ሮቢት ወንዝ ዳር ሞልቷል» ብሎ ወጣ። ጋሼ ንጋቱ ቀና አላሉም።

እትዬ አስካለ ጣታቸውን ገንዳው ውስጥ ነክረው ቀመሱ፤ ፊታቸውም ተኮማተረ።

«አንተ ንጋቱ፣ ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ውሃው ይመጥጣል፤ ጨው የት ይሄዳል? እዚያው ነው! አንተ ደግሞ በላዩ ጨው ትጨምርበታለህ።»

ጋሼ ንጋቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የጎደለው ንጹሕ ውሃ ነበር። የቧንቧውን ውሃ መድኃኒት አለበት ብለው ፈሩት። የበልግ ዝናብ በበርሜል ያጠራቀመው ደግሞ ሰይድ ነው። እትዬ አስካለ ራሳቸው ሄዱ።

«ሰይድ፣ የዝናብ ውሃህን ስጠኝ።»

«ለምን ፈልገሽው ነው?»

«ለድንጋዩ። ጠምቶታል።»

ሰይድ ሊስቅ ብሎ ፊታቸውን አየና ተወው። በርሜሉን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ጋሼ ንጋቱ ጠዋት በጆግ፣ ከሰዓት በጆግ፣ በትዕግሥት አፈሰሱት። ሰይድም ውሃው የእኔ ነው እያለ ለማየት ይመላለስ ጀመር። አንድ ቀትር ላይ ብርሃኑ በጣሪያው ሲገባ ድንጋዩ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። ጋሼ ንጋቱ የተፈጨ ደረቅ ዓሣ ቆንጥረው ጣሉለት፤ ጣቶቹ ተሰብስበው ወሰዱት።

«ሱብሃነላህ!» አለ ሰይድ፤ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «በላ! ወላሂ በላ!»

ጋሼ ንጋቱ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ምሳው ዓሣ ነው።»

ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ ባህሩን የሚያወራው ሰይድ ሆነ። የሳቀበትን ሰው እጁን ይዞ ያመጣ ነበር። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮችም በየጊዜው ጄሪካን ያቀብሏቸው ጀመር። ጋሼ ንጋቱ በራቸውን በማንም ላይ አልዘጉም። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ወንበራቸውን ለቀውለት ከመስታወቱ ፊት ያስቀምጡና ዝም ብለው ይወጣሉ። «እኔ ምን ብዬ አጽናናዋለሁ? እሱ ይንገረው» ይሉኝ ነበር ወደ ውሃው እያመለከቱ። መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል፤ ውሃው አየር ያጣል። ያን ጊዜ ጎረቤት ለደቦ እንደተጠራ ሁሉ ተሰብስቦ፣ መብራት እስኪመጣ ከገንዳው በጆግ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈስበታል።

የቀብራቸው ዕለትም መብራት ጠፋ። ከቀብር ስንመለስ ሕዝቡ ወደ ድንኳኑ ሲያመራ ሰይድ ግን በቀጥታ ሳሎን ገባ። ነጠላውን እንዳደገደገ፣ ነጭ ኮፍያው በራሱ ላይ እንዳለ፣ ጆጉን አንሥቶ ያፈስ ጀመር። ከኋላው ሰው ተሰለፈ። ሾፌሩ፣ ገበሬው፣ ቄሱ ሳይቀሩ እያለቀሱ ቀድተው አፈሰሱ። እትዬ አስካለም ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ተራ ያዙ። መብራት ሲመጣ ድንጋዩ እንደተከፈተ ነበር።

ጋሼ ንጋቱ፣ አንቱ ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። ያላየነውን አሳይተውናል፤ እኛም አይተናል። ሰይድ በርሜሉን ከአንቱ ጣሪያ ሥር አምጥቶ አቁሞታል፤ በልግ ሲዘንብ ይሞላል። ጆጉ እንደ ቦታው ነው። እኔም ቀስ ብዬ አፈስሳለሁ፤ አልጣደፍም። በሰላም ይረፉ ጋሼ፤ ድንጋይዎ ዛሬም ምሳውን በልቷል።