ጋሼ ምዕራፍ ቅባቱን ሲሸሹ

በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ሶፋ ሠሪው ለማንኛውም ጥያቄ ምዕራፍና ቁጥር ስለሚጠቅሱ ሰፈሩ «ጋሼ ምዕራፍ» ብሏቸው ቀረ። ሳምንቱን ስፖንጅ ሲቆርጡና ጨርቅ ሲወጥሩ ይውላሉ፤ ቅዳሜ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስለ ሰባቱ ምሥጢራት ያስተምራሉ። «ምሥጢር ማለት» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ «የማይታይ ጸጋ የሚታይ ምልክት ነው። የመሠረተውም ክርስቶስ ራሱ ነው!»

ለክርክር ደግሞ ጎረቤታቸው ጴንጤው በያጅ ነበረላቸው። «ቄስ ፊት መናዘዝ የት ተጻፈ?» ሲላቸው፣ «ዮሐንስ ሃያ፣ ቁጥር ሃያ ሦስት! ይቅር ያላችኋቸው ይቅር ይባልላቸዋል!» ይሉታል። የሕሙማን ቅባት ላይ ሲደርሱማ አይምሩትም። «ያዕቆብ አምስት! የታመመ ሽማግሌዎችን ይጥራ፤ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። የታመመ እንጂ የሚያጣጥር አላለም! ሰው ግን ቄስ ሲያይ ከፈን የመጣ ይመስለዋል፤ አላዋቂ ሁላ!»

አንድ ክረምት ሳንባ ምች ጣላቸው። መድኃኒት ተጀምሮም ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ሚስታቸው ቀስ ብለው፣ «አባን ልጥራልህ እንዴ?» አሉ።

ጋሼ ምዕራፍ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። «ምን አየሽብኝ? ሐኪሙ የነገረሽ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም! አንተው አይደለህ የምታስተምረው?»

«እሱ ለታመመ ነው። እኔን የያዘኝ ጉንፋን ነው።»

ሚስትየዋ ወጥተው በር ላይ ሊጠይቅ የመጣውን በያጅ አገኙት፤ የሆነውን ነገሩት። ሰውዬው ከበሩ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ቄሱን ከነዘይታቸው በሞተር ሳይክሉ አፈናጦ መጣ።

«አንተ ደግሞ በዚህ ታምናለህ እንዴ?» ብለው ጮኹ ጋሼ ምዕራፍ፤ ሳል አቋረጣቸው።

«እኔ እንጃ። ግን ስንት ዓመት በያዕቆብ አምስት አናቴን ሲበጠብጡኝ ከርመው፣ ዛሬ ልርሳው?»

ቄሱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሚስትየዋንና በያጁን አስወጡና የጋሼ ምዕራፍን ኑዛዜ ሰሙ። ከዚያ መልሰው አስገቧቸው። ዘይቱ ግንባራቸውን ሲነካ ጋሼ ምዕራፍ የቄሱን እጅጌ ያዙ።

«አባ፣ ፈርቼ እኮ ነው» አሉ እንደ ልጅ።

«ቅባቱ ለፍርሃትም ጭምር ነው» አሉ ቄሱ።

ወር ሳይሞላ ጋሼ ምዕራፍ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለጠያቂ ሁሉ ግን፣ «ወዲያው አባን አስጠራኋቸው» እያሉ ነው የሚያወሩት። ሚስትየዋም እንግዳው እስኪወጣ ጠብቀው፣ «ይቺንም ለኑዛዜ ያዛት» ይሏቸዋል።