የፈረንጅ አውታር

ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮንትራባስ ስጫወት ነው። ከሰው የሚረዝም፣ ቆመው የሚገዘግዙት የቫዮሊን ዘር ነው። ሥራው ከሌላው ሙዚቃ በታች ማጉረምረም ስለሆነ ከጠባዬ ጋር ተስማማ። አባቴ ግን በገና ደርዳሪ ነበሩ። በገና የእግዜር ነው፤ የኔን "የአዝማሪ ሣጥን" ይሉት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ስጫወት አልሰሙኝም። እኔ ደግሞ እንዲሰሙኝ የምፈልገው እሳቸውን ብቻ ነበር፤ ለዚህም ጠላኋቸው።

በስድሳ ስድስቱ ድርቅ፣ በቅበላ ሳምንት፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። ከአቀስታ ጀምሮ መንገድ ዳር የተቀመጡት ሰዎች ለመኪናችን እጃቸውን እንኳ አያነሱም ነበር። ቤት ስደርስ ከብቱ ሁሉ አልቆ፣ እናቴ ለዘር ያቆየቻት አንዲት በግ ብቻ ቀርታለች። የአባቴ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ጾም ሊገባ፣ ከበገናቸው አሥር አውታሮች አንዱ ተበጥሷል።

ከኮንትራባሴ የተረፈ ቀጭን አውታር ይዤ ነበር። "ይኸው፣ ይህን ይሰሩበት" አልኳቸው። "እሱም የበግ አንጀት ነው።"

"በጉን ማን አረደው?"

አስቤው አላውቅም። "ፈረንጅ ይሆናል።"

"ማን ባርኮ እንዳረደው የማይታወቅ ነጃሳ እበገናዬ ላይ አላስርም።"

በነጋታው በጓን አረዷት። የኔን አውታር ላለመንካት የቤቱን የመጨረሻ በግ አረዱ። እኔም በላሁ። አንጀቱን የምታጥበውና የምታከረው እናቴ ነበረች። የተራበ በግ አንጀት ምን ጉልበት አለው? ባከረረችው ቁጥር ተበጠሰ። በሦስተኛው ቀን "ይኸው ደረቀ" ብላ አንድ አውታር ሰጠቻቸው። ሲያስሩት አየሁት። የኔው ነበር፣ አመድ አሽታበት። በዓይኗ ዝም በል አለችኝ።

በጾሙ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አባቴ ደረደሩ። ያ አውታር ቤቱን ሞላው። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ።

"ባርከው ያረዱት እንዲህ ነው የሚናገረው። ያንተ ሣጥን ይኼን የት ያውቀዋል?"

"የተናገረው የኔ ነው" አልኩ። "ያ ነጃሳ ያሉት።"

አባቴ እናቴን አዩ፤ አቀረቀረች። አውታሩን ፈትተው፣ ጠቅልለው እግሬ ሥር አኖሩትና እጃቸውን ታጠቡ። በገናውን ሰቀሉት፤ እስኪሞቱ ድረስ አላወረዱትም። እኔን ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

አዲስ አበባ አድማ ተነሥቷል የሚል ወሬ ስለሰማሁ በማግስቱ ለመሄድ ተነሣሁ። እናቴ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። አልተቆጣችኝም።

"ሲደረድሩልን ርሃቡን እንረሳው ነበር፣ ልጄ" አለችኝ። "አሁን ርሃቡ ብቻ ቀረን።"