የኦሊቫ አረንጓዴ ሾርባ

ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ልካድ ብል ገበያው ሁሉ ይመሰክርብኛል። ሜሪዳ ገበያ አትክልት እሸጣለሁ። ያን ሰሞን ሦስት ቀን ያደረ ሴለሪ፣ ያ አረንጓዴ ባለ አገዳ ቅጠል፣ እንዳኮረፈች ሙሽራ አቀርቅሮብኝ ነበር። እኛ አገር ሴለሪን ለሾርባ ማዛ ቆንጠር ከማድረግ አልፎ የሚፈልገው የለም፤ በብዛት የሚገዙኝ ሐኪም "ቀንሱ" ያላቸው ወፍራሞች ናቸው።

ኦሊቫ መጣች። ከድንበር ማዶ ከኮሎምቢያ ተድራ ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው። አማቷ ኤርሲሊያ ከመደቤ ፊት ለፊት ምግብ ቤት አላት፤ ጭልፋዋን ከባሏ አስበልጣ የምትወድ ሴት። ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ምራቷን "እስቲ ነገ የአፒዮ ሾርባ ሥሪ። ካማረልሽ ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው፤ ካላማረልሽ የእህቴን ልጅ አመጣለሁ" አለቻት።

"አፒዮሽን ስጪኝ" አለችኝ ኦሊቫ፣ ሴለሪውን እያየች።

እኛ ዘንድ አፒዮ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ቢጫ ሥር ነው። እነሱ ዘንድ ግን ሴለሪ ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን ከራስ በላይ ነፋስ። "ሁሉንም ውሰጂው" አልኳት።

በማግስቱ አገዳውን አድቅቃ ከትፋ ከሽንኩርት ጋር በቅቤ አቁላላች፤ ድንችና ወተት ጨመረች፤ ቅጠሉንም ሳትጥል ሊወጣ ሲል በተነችበት። ኤርሲሊያ ሳህኑን አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አፒዮ ነዋ፣ እማማ።"

"ይሄማ የጥንቸል ምሳ ነው። ሦስት ወር ቤቴ ኖረሽ አፒዮ አታውቂም?"

ኦሊቫ ፊቷ ቀላ፤ ግን አላለቀሰችም። "ከየት ልወቀው? አንድ ቀን የድስት ክዳን አስነክተውኝ ያውቃሉ? 'ሳህን እጠቢ' ብቻ አይደል እንዴ የሚሉኝ?"

ተመጋቢው ሁሉ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። እኔም ከካሮቴ ኋላ ተደበቅሁ። ኤርሲሊያ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን በማንኪያ ሾርባ ሞላችው። ሳህኑን ጨረሰች። ከዚያ ከቅርጫቷ አንድ ቢጫ ሥር አውጥታ ከቢላ ጋር ሰጠቻት።

"ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። አፒዮ ይሄ ነው። ልጣጩን በስሱ አንሺው።"

ይኸው ሃያ ዓመት ሆነ፤ ኦሊቫ ሁለቱንም ሾርባ ትሠራለች። ቢጫው አፒዮ ነው፤ አረንጓዴውን ደንበኛው ሁሉ "ስህተት" ብሎ ነው የሚያዘው። አምና ኤርሲሊያ አልጋ ላይ ዋለች፤ እህል አልወርድ አላት።

"አፒዮ ላምጣልዎ፣ እማማ?" አለቻት ኦሊቫ።

"ተዪው፣ ልጄ" አለች አሮጊቷ። "ስህተቴን አምጪልኝ።"